ጆሮ የሚፈልግ ሕመም

አንዲት የቴፒ ቡና ለቃሚ «ሁለመናዬን ይቆረጥመኛል፤ ተኝቼም አላርፍ» ብትል መልሱ የታወቀ ነው፦ «ብርድ መቷት ነው!» ደሟ ቢመረመር፣ ሚዛን ሄዳ ራጅ ብትነሳ ምንም ላይገኝ ይችላል። ፋይብሮማያልጂያ የሚሉት ሕመም ጠባዩ እንዲህ ነው። በ1990 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በወጣው መስፈርት ሐኪሙ 18 የሰውነት ነጥቦችን ይጫናል፤ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። በ2010 የወጣው ግን መጫኑን ትቶ ጥያቄ ሆነ። የት የት ያምሻል? እንቅልፍሽስ? ጠዋት ድካሙ ይለቅሻል?

ይህን በስልክ መጠየቅ ምን ይከብዳል? የእኛ የርቀት ሕክምና ግን ከላይ ነው የጀመረው። በ2007 ጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታል በህንድ ድጋፍ በሳተላይት ከሃይደራባድ ጋር ተገናኙ። ደግ ሥራ ነው፤ ግን ሐኪምን ከሐኪም ነው ያገናኘው። ታማሚዋ ከቤቷ ሆና የምትጠቀምበት አልነበረም።

መጀመሪያ በአካል ትታይ፤ መገጣጠሚያዋ ካበጠ ነገሩ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ክትትል ነው። የአውሮፓ የቁርጥማት ሐኪሞች በ2017 መመሪያቸው አጥብቀው የመከሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአካል እንቅስቃሴ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም ለዋለች ሴት «ስፖርት ሥሪ» ሊሏት ነው? ደዋዩ ኑሮዋን ካላወቀ ምክሩ ቀልድ ይሆናል። ለዚህ ለዚህ እኔ ከአዲስ አበባው ስፔሻሊስት ይልቅ ሚዛን አማን ያለችውን፣ ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ የምትሰማውን ነርስ እመርጣለሁ። በየሁለት ሳምንቱ አሥር ደቂቃ ትደውልላት። የአየር ሰዓቱን ማን ይከፍላል? ይኼ ነው ማንም ያልመለሰው።