የሚጠየቀው ቃልና የሚነገረው ቃል

አንድ አዲስ ስያሜ በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱን ለማሳየት ከጎግል ትሬንድስ የተገኘ ግራፍ ማያያዝ በስያሜ ሥራ በተሰማራን ሰዎች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። መስመሩ ከፍ ካለ ቃሉ ጸደቀ፣ ዝቅ ካለ ወደቀ ይባላል። በተካፈልንበት አንድ ውይይት ላይ ፍቺው ግልጽ የሆነ አንድ የአማርኛ ቃል መስመሩ ዜሮ በመሆኑ ብቻ ከረቂቁ ወጥቶ የእንግሊዝኛው ተተክቷል፤ እኛም በጊዜው አልተቃወምንም። አሁን ግን ፍርዱ ስሕተት እንደ ነበር እናምናለን።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ «ኳራንቲን»፣ «ለይቶ ማቆያ» እና «ወሸባ» ጎን ለጎን ይሠራባቸው ጀመር። ሦስተኛው መድኃኒት የወሰደ በሽተኛ ከሰው ተለይቶ የሚቆይበትን ሁኔታ ይገልጽ የነበረ ነባር ቃል ነው። እንግዲህ የወሸባ መስመር ከሌሎቹ ልቆ ቢገኝ ምን እንረዳለን? ቃሉ ያልገባው ሰው «ወሸባ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይፈልጋል፤ «ለይቶ ማቆያ» ግን ፍቺውን ራሱ ስለሚናገር ጠያቂ የለውም። ስለዚህ ከፍታው የእንግድነት፣ ዝቅታው የመለመድ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ምጣድ» ማለት ምን እንደ ሆነ ከኮምፒዩተር የሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ እምብዛም አይገኝም፤ ቃሉ ሞቷል የሚል ግን የለም።

የአጻጻፋችን ጠባይ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። መሣሪያው የሚቈጥረው የተጻፈለትን ፊደል እንጂ ቃሉን አይደለም። «ሥነ ጽሑፍ» በሁለቱ ሰ፣ በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ምክንያት በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በ፣ ከ፣ የ እና ሌሎች ምዕላዶች ሲጨመሩበት ቍጥሩ ወዲያው ያድጋል። «ወሸባ» በአንጻሩ አንድ አጻጻፍ ብቻ ሲኖረው፣ «ኳራንቲን» ከ«ኳረንቲን» እና ከ«ኳራንታይን» ጋር ድርሻውን ይካፈላል። ልዩ ልዩ አጻጻፎችን በመደመር ምልክት አያይዞ በአንድነት መፈለግ ይቻላል፤ ይህን አድርጎ ያቀረበልን ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

ቍጥሩም ቢሆን የሰው ብዛት አይደለም። 100 ማለት በተመረጠው ጊዜና ቦታ ቃሉ ከጠቅላላው ፍለጋ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘበት ወቅት ማለት ነው፤ ዜሮ ማለትም ፈላጊ የለም ሳይሆን መረጃው አነስተኛ ነው ማለት ነው። ስሌቱ በናሙና ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ በተለያዩ ቀኖች ውጤቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ከኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው በይነመረብን አይጠቀምም፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። የእነዚያን ሳምንታት ጐድጓዳ መስመር «ሕዝቡ ወረርሽኙን ረሳው» ብሎ የሚተረጉም ቢኖር አይግረመን።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2008 የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት ከፍለጋ ብቻ ለመገመት የጀመረው ሥራ በ2012/13 ወቅት የአሜሪካ የበሽታ ቍጥጥር ማዕከል ከመዘገበው የታካሚ ድርሻ እጥፍ በላይ ገምቶ ነበር፤ በ2015 ግምቱን ለሕዝብ ማውጣቱ ቆመ። ለስሕተቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ዜናው ጤነኛውንም ስለ ጉንፋን እንዲጠይቅ ማድረጉ ነው። የጠየቀ ሁሉ አልታመመም፤ ቃል የጠየቀም ሁሉ በቃሉ አይናገርም።

መሣሪያውን እንተወው ማለታችን አይደለም። አብረው የሚታዩትን ተዛማጅ ፍለጋዎች ላስተዋለ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የትኛው ቃል አንባቢን እንዳስቸገረ፣ የትኛው ፍቺ እንደገና መጻፍ እንዳለበት ይጠቁሙታል፤ ለዚህ ሥራ እኛም እንጠቀምባቸዋለን። ለስያሜ ውይይት ግራፍ የሚያቀርብ ሰው ግን የፈለገባቸውን አጻጻፎች ሁሉ፣ የመረጠውን አገርና ዘመን፣ መረጃውን ያወጣበትንም ቀን ከግርጌው ይጻፍልን፤ ከጋዜጣና ከሬዲዮ የተሰበሰቡ፣ ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የገባባቸውን ምሳሌዎችም አብሮ ያምጣ። ከረቂቁ የወጣው ቃልም በዚሁ መንገድ እንደገና እንዲታይ ጠይቀናል።