ዜማውን ጠብቆ ቅኔውን ማደስ፤ ስለ ዌስት ሳይድ ስቶሪ ሲኒማ

በአብነት ትምህርት ቤት የዜማና የቅኔ ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። ዜማ ከቅዱስ ያሬድ ዠምሮ ሥርዐቱ ተጠብቆ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል፤ ቅኔ ግን ለዕለቱ አዲስ ኾኖ ይቈጠራል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ለባለቅኔ ነውር ነው። እንዲሁም የቀድሞውን ሥራ ለዛሬ ተመልካች አድሳለሁ የሚል ሰው ዜማው የቱ፥ ቅኔው የቱ እንደ ኾነ አስቀድሞ መለየት ይገባዋል።

ለዚህ ነገር ዌስት ሳይድ ስቶሪ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሲኒማ መልካም ምስክር ነው። ሥሩ የሼክስፒር ሮሜዎና ዡልየት ነው፤ ይህም ድርሰት በከበደ ሚካኤል ብርዕ ወደ አማርኛ ስለ ተመለሰ ለሀገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ታሪኩን በስፍራው ትተው ቋንቋውን አማርኛ አደረጉት። የኒውዮርክ ጠበብት ግን በሌላ መንገድ ሔዱ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዤሮም ሮቢንስ፥ ሌናርድ በርንስታይን፥ አርተር ሎረንትስና ስቲቨን ሶንዳይም ነገሩን ከቬሮና ወደ ከተማቸው አምጥተው፥ በሁለቱ ቤተ ዘመድ ፈንታ የሁለት ወገን ጐረምሶችን ተኩ፤ አንደኛው ወገን ቀድሞ ከአውሮፓ የገቡት ልጆች፥ ሁለተኛው ከፖርቶ ሪኮ የመጡት ናቸው። በ1961 ሮበርት ዋይዝና ሮቢንስ ሲኒማ አደረጉት፤ 10 የኦስካር ሽልማትም አገኘ።

ይህ ሲኒማ በውበቱ ቢመሰገንም አንድ ጕድለት ነበረበት። የፖርቶ ሪኮን ልጆች ኾነው የተጫወቱት ብዙዎቹ የዚያ አገር ሰዎች አልነበሩም፤ ፊታቸውንም ቀለም ቀቧቸው። የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ የነበረችው ሪታ ሞሬኖ እንኳ ፊቷ እንዲጠቍር ተደረገ። ስለ አንድ ሕዝብ መከራ እየተዘፈነ የዚያ ሕዝብ መልክ በቀለም ተሠራ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ስቲቨን ስፒልበርግ ሲኒማውን እንደ ገና ሲሠራው የበርንስታይንን ሙዚቃ ጠበቀ፤ የታሪኩንም ፍጻሜ አልለወጠም። ንግግሩን ግን ቶኒ ኩሽነር በአዲስ ጻፈው፤ የፖርቶ ሪኮዎቹንም ቦታ ለላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሰጡ። በስፓኝ ቋንቋ የሚነገረው ቃል ያለ ትርጕም ጽሑፍ ይሰማል። ጐረምሶቹ የሚጋደሉበትም ሰፈር ለሊንከን ማእከል ሕንጻ ሲባል እየፈረሰ ያለ ሰፈር መኾኑ በግልጥ ታየ። ሁለቱም ወገኖች ነገ ለማንኛቸውም በማይተርፍ መሬት ላይ ደም ይፋሰሳሉ፤ ይህ ከአዲሱ ሥራ ዅሉ የሚበልጠው ቅኔ ነው።

ከዚህም በላይ አዳሹ ወደ ሥሩ መመለስን ዐውቋል። ማሪያ በደስታ የምትዘፍነው መዝሙር በቴያትሩ ከግድያው በኋላ ነበረ፤ የ1961ዱ ሲኒማ ወደ ፊት አሳለፈው፤ ስፒልበርግ ወደ ስፍራው መለሰው። ልጅቱ የወንድሟን ሞት ሳትሰማ ስትደሰት ተመልካቹ ዐውቆ ያዝናል። ሪታ ሞሬኖም በ90 ዓመቷ ግድም እንደ ሽማግሌ ገላጋይ ኾና ተመልሳለች፤ ቀድሞ እሷ የተሸለመችበትን የአኒታን ቦታ የያዘችው አሪያና ዴቦስም በ2022 ያንኑ ሽልማት ተቀበለች።

ነቀፋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። ኩሽነር ለነገሩ ዅሉ ምክንያት ሊሰጥ ይደክማል። ቶኒ ከጠብ የራቀው ሰው ለመግደል ደርሶ አንድ ዓመት ስለ ታሰረ ነው ይለናል። ምክንያቱ ሲበዛ የፍቅር ድንገተኛነት ይቀንሳል፤ የጥንቱ ታሪክ ኀይል ግን በዚያ ድንገተኛነት ነበረ። ሲኒማው 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው 76 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ነገር ግን ወቅቱ የወረርሽኝ ወቅት ስለ ነበረ በገቢው መጠን የሥራውን ዋጋ መመዘን አይገባም።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ትምህርት አለው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው ጉማ የተባለው ሲኒማ ስሙን የወሰደው ከኦሮሞ የደም ዕርቅ ሥርዐት ነው። ገዳይና የሟች ወገን በካሳና በሽማግሌ የሚታረቁበት ይህ ሥርዐት፥ ኒውዮርኮች ያጡትን መፍትሔ የያዘ ነው። አንድ ቀን ለዛሬ ሰው የሚያድሰው ቢገኝ፥ የዕርቁ ሥርዐት ዜማው ነው፤ እሱን ሊያጐድል አይገባም። ቅኔውን ግን በጅማ መንገድ ላይ ካለችው ከተፍኪ ገበያ ሊማር ይችላል። በዚያ ሻጭና ገዢ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀባበሉ ይነጋገራሉ፤ አስተርጓሚም በመካከላቸው አይቆምም። እንዲህ ያለውን ንግግር እንዳለ የሚያሰማ፥ ባለቤቶቹንም በገዛ መልካቸው የሚያሳይ ሥራ፥ የቀድሞውን አክብሮ ለዛሬው ሰው ይጠቅማል።