«ማዘጋጃ» ስለ ተባለው የደም ካንሰር ሕክምና የቀረበ ሂስ

ከዳሪሙም ሆነ ከመቱ፥ ከኢሉባቦር ከተሞች በደም ካንሰር የታመመ ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል፥ ከዚያም ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል። ሐኪሞቹ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ያሉ እንደ ሆነ፥ አቅም ያለው ወይም ዘመድ አዝማድ ያዋጣለት ወደ ሕንድ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የሚወራው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ስለ ለጋሽና ስለ ገንዘብ። በሁለቱ መካከል ስላለው፥ የማዘጋጃ ሕክምና ስለሚባለው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዝምታ ጎጂ መሆኑን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ማዘጋጃ» ሲባል ለእንግዳ ቤት እንደ መጥረግ ያለ ቀላል ሥራ ይመስላል። ሥራው ግን ሦስት ነው፤ አንደኛ፥ የቀረውን የካንሰር ሴል መግደል፤ ሁለተኛ፥ በመቅኒው ውስጥ ለለጋሹ ስቴም ሴል ስፍራ ማስለቀቅ፤ ሦስተኛ፥ የበሽተኛው ሰውነት የመጣውን ሴል እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይገፋው የመከላከል ኃይሉን ማድከም ነው። ለዚህም ቡሱልፋን፥ ሳይክሎፎስፋሚድ፥ ፍሉዳራቢንና ትሬዮሱልፋን የተባሉት መድኃኒቶች እየተጣመሩ ይሰጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ጨረር ይጨመራል።

የቡና አገር ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከሥሩ ከተነቀለ ግን አዲሱ ችግኝ ካልጸደቀ ማሳው ባዶ ይቀራል። ሙሉ ኃይል ያለው ማዘጋጃ መንቀል ነው እንጂ ጉንደላ አይደለም። የለጋሹ ሴል እስኪጸድቅ ድረስ በሽተኛው ሁለትና ሦስት ሳምንት ያህል ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት በእጅጉ አንሶበት ይቆያል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ብንወስድ፥ የተተከለው ኩላሊት ባይሠራ በሽተኛው ወደ እጥበት ማሽን ሊመለስ ይችላል። መቅኒው ለጠፋበት ሰው ግን የሚመለስበት ማሽን የለም። ከዚህም በላይ ሕክምናው ልጅ የመውለድን ችሎታ ሊያጠፋ ይችላልና፥ ይህ ለወጣት በሽተኛ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የዚህ ሕክምና ታሪክም ያስተምራል። ዶክተር ዶናል ቶማስ በ1957 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጡት ጽሑፍ የተነገረላቸው ስድስት በሽተኞች አንዳቸውም ከመቶ ቀን በላይ አልቆዩም። ዶክተሩ በ1990 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት እስኪቀበሉ ድረስ የተለወጠው የመድኃኒቱ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ የለጋሽ ማመሳሰል፥ የፕላትሌት አቅርቦትና የኢንፌክሽን ሕክምናም አብረው አድገዋል።

ይህን ይዘን በቅርቡ የተመሰገነውን ትሬዮሱልፋንን እንመርምር። በ2020 ዓ.ም. የታተመው ጥናት በአምስት የአውሮፓ አገሮች፥ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ወይም ሌላ በሽታ በተደረበባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በሽታው ሳያገረሽባቸው፥ ተከላው ሳይከሽፍባቸውና ሳይሞቱ የተገኙት ትሬዮሱልፋን ከወሰዱት መካከል 64 ከመቶ ሲሆኑ፥ ቡሱልፋን ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶ ያህል ናቸው። አሜሪካም መድኃኒቱን በ2025 ዓ.ም. ፈቅዳለች። ውጤቱ የሚያስደስት መሆኑ አይካድም።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፥ የተወዳደረው መጠኑ ከተቀነሰ ቡሱልፋን ጋር ነው፤ ስለዚህ «ከሁሉም ይበልጣል» ማለት ከማስረጃው መራቅ ነው። ሁለተኛ፥ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መጀመሪያ የያዙትን ከፍ ያለ መጠን፥ ኢንፌክሽን ስለ በዛ ዝቅ ለማድረግ ተገደዋል። በተሟላ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ይህን ያህል አስጊ ከሆነ፥ ፕላትሌት በማይገኝበት ስፍራ ቁጥሩ ያው ይሆናል ብሎ ማሰብ አይቻልም። 64 ከመቶ የመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን የክፍሉ፥ የነርሱና የደም ባንኩም ውጤት ነው።

«ሰው እየሞተ ስለ ደም ባንክ ይወራልን?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሴ፥ ሰው የሚሞተው በዚያም ምክንያት ነው የሚል ነው። ደግሞም የደም ካንሰር ሁሉ ንቅለ ተከላን አይጠይቅም። ማይሎይድ የተባለው ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ድሮ ዋና የንቅለ ተከላ ምክንያት ነበር፤ ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል ከመጣ ወዲህ ግን አብዛኛው በሽተኛ ያለ ተከላ ይኖራል። በጥቁር አንበሳም ሕሙማን በዕርዳታ በነፃ ሲያገኙት ቆይተዋል።

በአንድ ነገር ግን እኛ ዕድለኞች ነን። ወንድም ወይም እኅት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ አምስት ወንድምና እኅት ላለው ሰው ቢያንስ አንዱ የመመሳሰል ዕድሉ 76 ከመቶ ይደርሳል። እንግዲህ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ለጋሹ ከቤት ሊገኝ ይችላል፤ የሚጎድለው በማዘጋጃው ጊዜ በሽተኛውን በሕይወት የሚያቆየው ነገር ነው።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያዋጣ ዘመድ ለሐኪሙ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ እላለሁ፤ ማዘጋጃው ሙሉ ነው ወይስ የተቀነሰ? በነዚያ ሳምንታት ደምና ፕላትሌት ከወዴት ይገኛል? ሕመምተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ ማን ይከታተለዋል? ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሥራው ቀርቦልናል፤ ደም እንለግስ፥ ፕላትሌት መለየትንም እንማር። የንቅለ ተከላ ማእከል የሚመሠረተው ከዚህ ተነሥቶ ነው።