ሐተታ፤ በቀሲስ ላይ ስለሚቀርብ ክስ (1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5፥ ከቁጥር 19 እስከ 22)

ሐዋርያው ጢሞቴዎስን በኤፌሶን ሲያስቀምጠው፥ በቀሲስ ላይ የሚመጣውን ክስ ያለ ሁለት ወይም ያለ ሦስት ምስክር እንዳይቀበል አዘዘው። ስለ ምን ቢሉ፤ ቀሲስ ሲገሥጽ ጠላት ያፈራልና፥ በሐሰተኛ ከሳሽ አንደበት ክህነት እንዳይነቀፍ ነው። ትእዛዙ ግን በዚህ አላበቃም። ቀጥሎ በደለኛ ሆኖ የተገኘውን በሁሉ ፊት እንዲገሥጸው፥ ይህንም ፊት አይቶ ሳያዳላ እንዲያደርገው እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ አስጠንቅቆታል። በሮሜ ካቶሊካውያን መካከል የተነሣው ክርክር ሲመረመር፥ ብዙዎች ፊተኛውን ቃል ይዘው ኋለኛውን ሳያነቡ መጽሐፉን እንደ ዘጉት ይታያል።

ክርክሩም ይህ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ካህናት ሕፃናትን ማስነወራቸው፥ ጳጳሳትም ያንን መሸፈናቸው ከወዴት መጣ ቢሉ፤ አንዱ ወገን የትምህርት መላላት አመጣው ይላል። ከመንበራቸው በፈቃዳቸው የወረዱት በነዲክቶስ 16ኛ በ2019 በጻፉት ጽሑፍ፥ በ1960ዎቹ ዓመታት የሥነ ምግባር ትምህርት መፍረሱን ምክንያት አድርገው ነበር። ሁለተኛው ወገን፥ የለም፤ የካህናት ያለ ልክ መክበር፥ ሥልጣናቸውም ተቈጣጣሪ ማጣቱ ነው ይላል። የጀርመን ጳጳሳት ያስደረጉት ምርመራ በ2018 ሲገለጥ፥ ከ1946 እስከ 2014 ድረስ 1,670 አገልጋዮች 3,677 ልጆችን እንደ በደሉ ከመዝገብ ተገኘ። በዓመቱ የተጀመረው ጉባኤያቸውም ስለ ሥልጣን፥ ካህናት ሚስት ስላለማግባታቸው፥ ስለ ሴቶችም አገልግሎት መከራከር ያዘ። እንዲህ አንዱ አዲሱን መምህር ሲከስ፥ ሌላው የቀደመውን ሥርዓት ይከሳል።

ሁለቱንም ዝም የሚያሰኙ ሁለት ታሪኮች አሉ። ማርሲያል ማሲኤል የሚባለው የሜክሲኮ ቄስ በ1941 የክርስቶስ ሌጌዎን የተባለውን ማኅበር አቆመ። በትምህርቱ ነቀፋ አልተገኘበትም፤ ለሮሜ መታዘዙና ብዙ ተማሪ መሰብሰቡ ያስመሰግነው ነበር። በብላቴንነታቸው ያስነወራቸው ደቀ መዛሙርቱ፥ ቍጥራቸው ከሦስት በልጦ፥ በ1998 ክሳቸውን የሃይማኖትን ትምህርት ወደሚጠብቀው የሮሜ ጉባኤ አቀረቡ። ይኸው ጉባኤ በ1979 ሐንስ ኩንግን፥ በ1986 ቻርልስ ከራንን የካቶሊክ መምህር ተብለው እንዳያስተምሩ የከለከለ ነው። የእነዚህ ሰዎች ምስክርነት ግን ተቀምጦ ቈየ። እንዲያውም ማሲኤል በ2004 የክህነቱን 60ኛ ዓመት ሲያከብር ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በአደባባይ አመሰገኑት። ፍርዱ የመጣው በ2006 ነው፤ ያውም ስለ እርጅናውና ስለ ሕመሙ በሸንጎ ሳይቆም፥ ተገልሎ በጸሎትና በንስሐ ይኑር ተባለ። ይህን የፈረዱት በነዲክቶስ ናቸውና ምስጋናው አይቀርባቸውም። ነገር ግን የማሲኤል ነውር ከ1960ዎቹ በፊት የጀመረ ነውና፥ የዚያ ዘመን ትምህርት አመጣው ማለት አይቻልም።

በቤልጅግ ደግሞ ካርዲናል ጎድፍሪድ ዳኔልስ ለአዲሱ አሳብ የቀረቡ ተብለው የታወቁ ነበሩ። የብሩጅ ኤጲስ ቆጶስ ሮጀር ቫንጌሉዌ ያስነወረው ዘመዱ በ2010 ወደ እርሳቸው ቢመጣ፥ ኤጲስ ቆጶሱ በሚመጣው ዓመት በጡረታ እስኪወርድ ዝም ብሎ እንዲቈይ መከሩት። ቃላቸው በድምፅ መቅጃ ተይዞ ነበርና በዚያው ዓመት በጋዜጣ ወጣ። ይህም ከታወቀ በኋላ፥ በ2015 ስለ ቤተሰብ በተደረገው ሲኖዶስ እንዲቀመጡ ፓፓ ፍራንቸስኮስ ጠሯቸው። ቫንጌሉዌም በደሉን አምኖ በ2010 ከመንበሩ ቢወርድ፥ ከክህነቱ የተሻረው በ2024 ነው። እንግዲህ የቀናውን የሚያስተምረውም፥ ለአዲስ አሳብ የሚያዘነብለውም፥ በወዳጁ ወገን ዘንድ ከነቀፋ በኋላ ክብር አገኘ። ጳውሎስ ፊት አይተህ አታዳላ ያለው ይህን ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ማለቱስ እንደ ምን ነው ቢሉ፤ በአንድ ሰዓት በአንድ ስፍራ ቆመው ያዩ ናቸው። አንድም በየጊዜው በየስፍራው የተበደሉ፥ ሳይተዋወቁ ቃላቸው የገጠመ ናቸው። ፊተኛው ለዚህ ነገር አይስማማም፤ ይህ በደል ደጅ ተዘግቶ ይሠራልና፥ ሕፃኑም ሁለተኛ ምስክር ከወዴት ያመጣል? ኋለኛውን የያዘ ዳኛ ግን በ1998 የቀረበውን ክስ ስምንት ዓመት ባላሳደረው ነበር።

በ2019 ፓፓ ፍራንቸስኮስ ባወጡት ሕግ፥ ካህንና መነኵሴ ሁሉ የሰማውን ለቤተ ክርስቲያን አለቃ እንዲያስታውቅ ታዘዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በእነዚህ ክሶች ላይ የነበረው የጳጳሳዊ ምስጢር ማኅተም ተነሣ። ይህ ለቍጥር 20 የቀረበ ሥራ ነው። ነገር ግን የተከሰሰው ኤጲስ ቆጶስ ሲሆን፥ መርማሪው አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አውራጃ ሊቀ ጳጳስ ነው፤ ከአንድ ማዕድ የበላ፥ ምናልባትም እጁን ጭኖ የሾመው። ሐዋርያው በቍጥር 22 ፈጥኖ እጅ መጫንንና በሌላ ሰው ኃጢአት መተባበርን አጠገብ ለአጠገብ አኑሮ ይከለክላል። ሕጉ ግን ዐዋቂ ምእመናን ሊቀ ጳጳሱን በምርመራው ሊረዱት ይችላሉ ይላል እንጂ ግድ ይርዱት አይልም።