መኪና ማቆሚያ የሌላት ከተማ

መቼም ከተማ መቆርቆር ድሮ የነገሥታት ሥራ ነበር። ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብሎ ከተማ ይቆረቁራል፣ ግብር ይጥላል፣ ሲሰለቸው ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ለቆባት ወደ እራቱ ይሄዳል። ለዚህ መንገዱን የጠረገው አሜሪካዊው ዊል ራይት እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ያቀረበው «ሲምሲቲ» የተሰኘ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከንቲባ ነው። መሬቱን በቀለም ይከፋፍላል፤ አረንጓዴው ለመኖሪያ፣ ሰማያዊው ለንግድ፣ ቢጫው ለፋብሪካ። በዚህ አከፋፈል ደጃፏ ላይ ሻይ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ቀለም የላትም።

ይህን ያነሳሁት «ጌም ልጆቻችንን አበላሸ» የሚለውን የተለመደ ሮሮ ለመድገም አይደለም። እኔን የሚገርመኝ በዚህች ከተማ ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው።

ለምሳሌ ፓርኪንግ። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲሱ ሲምሲቲ ሲወጣ ዋና ዲዛይነሩ ስቶን ሊብራንዴ ለአሜሪካው «አትላንቲክ» መጽሔት እንዳወራው፣ የእውነቱን ከተማ ለመኮረጅ ሱቆቹንና ፓርኪንጎቹን ከሰማይ በተነሳ ፎቶ እየለካ ሲያስተያይ የመኪና ማቆሚያው ከሱቁ እጅግ በልጦ አገኘው። በልኩ ቢሠራው ተጫዋቹ ባዶ አስፋልት ሲያይ ሊውል ነው። ስለዚህ ምን ተደረገ? አብዛኛው ፓርኪንግ ከመሬት በታች ነው ተባለና ነገሩ አለቀ።

ሰውየውን ውሸታም ማለት አይቻልም። ፈጠራ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። በፊልም ውስጥ ባለመኪናው ከተፍ ሲል ማቆሚያ ቦታ ሁሌም ይጠብቀዋል፤ ታሪኩ የሚፈልገው ሰውየው ደረጃውን ሲወጣ ማየት ነዋ! የእኛው ሰንጠረዥስ ቢሆን? ንጉሡም ፈረሱም ተሰልፈዋል፤ ስንቅ የጫነች በቅሎ ግን የለችም። ያለ ስንቅ የዘመተ ጦር አናውቅም፤ በቅሎዋ ብትገባ ግን ጨዋታው ይንቀራፈፋል። ፈጣሪው የሚያስገባው ለጨዋታው የሚበጀውን ነው። ይሄ መብቱ ነው።

ታዲያ የእኔ ጥያቄ የት ላይ ነው? የተተወው ነገር ምን እንደሆነና ለማን ምቾት እንደተተወ መታወቁ ላይ ነው። ፓርኪንግ ቢቀር ማንም አይከፋም። በዚያው በ2013ቱ ሲምሲቲ ግን የባሰ ነገር ቀርቷል። ነዋሪው ጠዋት ይነሳና ክፍት ወደሆነው ቅርብ ሥራ ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ መጀመሪያ ያገኘው ባዶ ቤት ይገባል። የትናንት ቤቱና የዛሬው አንድ ላይሆን ይችላል! የእያንዳንዱን ሰው ቤትና ሥራ ለይቶ መያዝ ለተራ ኮምፒዩተር ሸክም ነው፤ ጨዋታው ደግሞ መፍጠን አለበት። ስለዚህ በዚህች ከተማ ሕዝብ አለ፣ ጎረቤት የለም። ዕድር ይቋቋም ቢባል ማን ከማን ጋር ያቋቁማል? ሕዝቡም ቢሆን ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በእርግጥ ከሚንቀሳቀሰው ነዋሪ እንደሚበልጥ ተጫዋቾች ደርሰውበታል።

ይህ አስተሳሰብ እስከ ጥግ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ያሳየን አንድ የፊሊፒንስ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነው። በቀደመው «ሲምሲቲ 3000» ለዓመታት ሲያሰላ ቆይቶ 6 ሚሊዮን ሰው የያዘች ከተማ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቪዲዮ አሳየን። በጨዋታው ሕግ ብንሄድ ተወዳዳሪ የላትም። ነገር ግን ትምህርት ቤት የለ፣ ሆስፒታል የለ፣ አየሩ የታፈነ፣ ዕድሜው አምሳ የሚሻገር ሰው የለም። ተማሪው ይህን ያደረገው ሆን ብሎ፣ ሊያስጠነቅቀን ነው። ቁጥሩ አድጓል፤ ኑሮው ግን የጨዋታው ጉዳይ አልነበረም።

የጨዋታው ተወዳጅ መሣሪያ ደግሞ ቡልዶዘር ነው። አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርጉት ቤቱ ይፈርሳል፣ ነዋሪው ይጠፋል። የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ማፍረስ ከባድ ቢሆን ማን ይጫወተዋል?

በእኛ ከተማ ግን ነዋሪው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እዚያ የኖረ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ አንድ ቦታ ሄዷል። ምትክ ቤት ቢያገኝ እንኳ ለቅሶ የሚደርሱለት ጎረቤቶቹ አብረውት አልተመደቡ ይሆናል። አሮጌ ሰፈር ፈጽሞ አይነካ አልልም፤ በላስቲክና በጭቃ ቤት ውስጥ መኖር የሚናፍቅ ሰው የለም። ነገር ግን ከተማን ከላይ ወደ ታች ብቻ ያየ ሰው፣ ጌም ተጫውቶ ባያውቅም፣ ማስተር ፕላኑ ላይ የሚታየው አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ነው። የሻይ ሻጯንና የዕድሩን ዳኛ ማንም አልሳለለትም።

ልጆቹ ይጫወቱ፤ ጨዋታው ደግ ጨዋታ ነው፣ ሒሳብም ያስተምራል። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው የለም። ዕቅድ ለሚያወጡልን ጎልማሶች ግን ከንድፉ የቀረው ምን እንደሆነ ሰፈሩ ድረስ ወርደው፣ ነዋሪውን ቢጠይቁ ምን ይላቸዋል?