46 ፍሬ ቁልፍ በአንድ ሳጥን፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ሆሳዕና ውስጥ መለዋወጫ በሚሸጥባቸው ሱቆች በኩል አልፋችሁ የምታውቁ ከሆነ ያንን ሳጥን አይታችሁታል። ጥቁር ወይ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። ሲከፈት ብልጭ ይላል፤ 46 ፍሬ ዕቃ በየጉድጓዱ ተደርድሮ ተኝቷል። ዱራሜ ብትሄዱም፣ ሾኔ ብትሄዱም ያው ሳጥን ይጠብቃችኋል። ዋጋው ደግሞ ያጓጓል፤ 46ቱም ተደምረው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ደህና ቁልፍ አይበልጡም።

ዛሬ ይህን ሳጥን እንገመግመው። ነገሩ ተራ እንዳይመስላችሁ። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም በላከው ብር ግቢው በር ላይ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ጥገና የሚጀምር ወጣት ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው ብር የሚወጣውም እዚህ ሳጥን ላይ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም አብሮ ተወዷል። ሁለቴ መግዛት ያማል።

እኔ ራሴ ተበልቻለሁ። የአጎቴን ባጃጅ ላይ ግትር ያለ ባለ 13 ብሎን ልፈታ ብዬ ከሳጥኑ ውስጥ ቡሶላውን (ብሎኑን ከላይ አጥልቆ የሚይዘውን) አወጣሁ። አንዴ ገፋሁ፣ ሁለቴ ገፋሁ፣ በሦስተኛው ቡሶላው ሰፋ፣ የብሎኑም ጥግ ተላጠ። ስድስት ጎን የነበረው ራስ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። የወሰድንላቸው አንጋፋ መካኒክ ብሎኑ ላይ ዳዶ በይደው በዳዶው ፈቱት። «አንቺ ኢንጂነር፣ ያበላሸሽው እኮ ቁልፉን ሳይሆን ብሎኑን ነው» አሉኝ። ለብየዳው የተከፈለው ለአንድ ደህና ቡሶላ ከምከፍለው በለጠ።

ምን ተፈጠረ? እስቲ ትንሽ እናስላ፤ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው። ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበት፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን የሚጠብቀው ወደ 25 ኒውተን ሜትር በሚሆን ቶርክ ነው። እጀታችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ የምትገፉት 125 ኒውተን፣ ማለትም 13 ኪሎ ግድም ነው። ለክንዳችሁ ምንም አይደለም። ለብሎኑ ግን ሌላ ነው። የባለ 13 ብሎን ራስ ከመሐሉ እስከ ጥጉ 7.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ ሸክሙን የሚያሳርፈው በሁለት ጥግ ላይ ነው፤ ሒሳቡን ስትሠሩት በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ወደ 170 ኪሎ ይጫናል። አንድ ኩንታል ተኩል በላይ፣ ያውም በጥፍር ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ! ዝገት ካለ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቡሶላ ይህን ሸክም ለስድስቱም ጥግ ያካፍላል። ግን የሚያካፍለው ልኩ ልክ ሲሆንና ብረቱ ሳይለመጥ ሲቀር ነው። የኔው ቡሶላ ሁለቱንም አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ አንድ አዲስ ባለ 13 ብሎን ያዙ። ቁልፉ ውስጥ ክተቱና ግራ ቀኝ አወዛውዙት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው። እንደ ላላ ጥርስ ከተንቀጠቀጠ ግን መልሱለት። ባለሱቁ ቅር ይለው ይሆናል፤ ይበለው።

በብልጭታው ደግሞ አትሸወዱ። ሳጥኑ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተብሎ የተጻፈው ብረቱ ውስጥ ስለተቀላቀለው ነገር ነው፤ የሚያብለጨልጨው ክሮም ግን ከላይ የተቀባ በጣም ስስ ሽፋን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ቅልቅሉ እውነት ቢሆን እንኳ ብረቱን የሚያጠነክረው ሙቀቱ ነው፤ እስኪቀላ ተሞቆ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሲሞቅ። ይህን ሥራ ጽሑፍ አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። በእኛ አራዳ ቋንቋ «ፎርጅድ» ማለት የውሸት ማለት ነው። «ቁልፉ ፎርጅድ ነው» ካልን ጣለው ማለታችን ነው። በምህንድስና ግን ፎርጅድ ማለት በጋለበት ተቀጥቅጦ ወይም ተጨቁኖ ቅርጽ የያዘ ብረት ነው፤ የውስጡ አሰላለፍ ቅርጹን ስለሚከተል ከቀልጦ ከፈሰሰው ይበልጥ ጠንካራ ይሆናል። እና ባለሱቁ «ኧረ ፎርጅድ ነው!» ብሎ ቢምልላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። 46 ፍሬ ይባል እንጂ ግማሽ ያህሉ የካቻቢቴ ጫፍ ነው። የቡሶላው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ጀምሮ 14 ላይ ያቆማል። 17 የለም፤ 19 የለም። 4.5 እና 5.5 ግን አሉ፤ ባጃጅ ላይ ለምን እንደሚጠቅሙ እስካሁን አልገባኝም። እጀታውም ለትንሽ ብሎን የተሠራ ነው። የመኪና ጎማ ዳዶ 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠይቃል፤ በዚህ እጀታ ከታገላችሁት ውስጡ ያለው ጥርስ ይራገፋል፣ ቡጢያችሁም ግድግዳውን ያገኛል። ለፕላስቲክ ክዳን፣ ለመብራት፣ ለትንንሽ ብሎን ከሆነ ግን ሳጥኑ ደህና ነው። አልዋሽም፣ አሁንም እጠቀምበታለሁ።

ርካሹ ሲበላሽ ሥራችሁን ብቻ የሚያቆም ከሆነ ግዙት። የዘይት መቀበያ፣ ብሩሽ፣ ከርካሹ ምንም አይጎድልም። ቢጫዋ ቴስተርም ለባጃጅ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ትበቃለች፤ ግድግዳ ላይ ያለውን 220 ቮልት ግን አታስነኳት፤ በአብዛኞቹ ላይ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ፊውዝ እንኳ የለውም።

ሲበላሽ ሰው የሚጎዳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትር የግራይንደር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ሲሰበር ቁራጩ በዚያው ፍጥነት ይወጣል፣ ፊታችሁም ከፊቱ ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ከማሽኑ ማነስ የለበትም። መሐል ያለችው የብረት ቀለበት ላይ ማብቂያ ቀኑ ይታተማል፤ ካለፈበት እርም በሉ። ክሪክም እንደዚሁ ነው፤ ውድም ይሁን ርካሽ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አይደለም። ባጃጅን ሦስት ሆነን በጎኑ አስተኝተን እንሠራለን፤ መኪና ሥር ግን ካቫሌቶ ሳታስገቡ አትግቡ። ድንጋይ አታስደግፉ፤ ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም።

ታዲያ በዚያው ብር ምን ይገዛ? እኔ ብሆን 10፣ 12፣ 13፣ 14 እና 17 ቁልፍ ለየብቻ እመርጣለሁ፤ አንደኛው ጫፍ ቀለበት የሆነውን። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ቁልፍ ቢያስፈልግለት ይሻላል፤ ለዓመታት ያልተለመጠ ብረት ፈተናውን አልፏል። አፉ የሰፋውን በኪሳችሁ ብሎን ትለዩታላችሁ።

መሮና መፈልቀቂያ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። በየወረዳው ከመኪና ባሌስትራ ቢላና መጥረቢያ የሚሠሩ ብረት ሠሪዎች አሉ፤ ማኅበረሰባችን ለረጅም ዘመን ንቋቸው የኖረ። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ግድም ካርቦን ያለው፣ ሲጠነክር የሚታዘዝ ብረት ነው። እሳቸው በከሰል አግለው፣ ቀጥቅጠው፣ ነክረው ሲያወጡት የሚሠሩት ሥራ በምህንድስናው ትርጉም ፎርጅድ ነው። አጎቴ ባለፈው ክረምት አንድ መፈልቀቂያ አሠርተው አሁን የባጃጁ ወንበር ሥር ነው የሚያስቀምጡት፤ ለኔም አያውሱኝም።