ናሬቭ የሠራት፣ ናሬቭ የገታት፦ የቲኮቺን ታሪክና መልክዐ ምድር

ቲኮቺን በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ፣ ከቢያሊስቶክ በስተ ምዕራብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ስለሷ የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ አባባል አለ፦ «ጊዜ የቆመባት ከተማ»። ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ ይመስላል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የመንገድ አወጣጥ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ዝቅ ዝቅ ያሉት የእንጨት ቤቶች፣ ሰፊው የገበያ አደባባይ፣ በምሥራቅ በኩል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በምዕራብ በኩል ምኩራቡ ሳይጠፉ ቆይተዋል። እኔ ግን አባባሉ የከተማዋን ታሪክ ይሸፍናል ባይ ነኝ። ዛሬ የሚደነቀውን መልኳን ያቆዩላት ድንበር፣ ቀረጥና የባቡር ሐዲድ ናቸው፤ ባዶ ያደረጋት ደግሞ የጅምላ ግድያ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከወንዙ መነሣት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናሬቭ ዝግተኛ ወንዝ ነው። ከቲኮቺን በላይ ባለው ረግረግ ብዙ ቦታ እየተከፈለ፣ መልሶ እየተገናኘ ይወርዳል፤ በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ሣርና እርጥብ መሬት ለሽመላ የተመቸ ስለሆነ ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ፔንቶቮ በሽመሎቿ ብዛት ስሟ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ አገር ላይ መሻገሪያ የያዘ ሰው መንገዱንም ንግዱንም ይዟል። ቲኮቺን የበቀለችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በማዞቪያ መሳፍንትና በሊቱዌንያ ታላቅ መስፍን ግዛት መካከል ያለች የመሻገሪያ ከተማ ነበረች። የማዞቪያው መስፍን ያኑሽ 1ኛ በ1425 የከተማነት መብት ሰጣት፤ ብዙም ሳይቆይ በሊቱዌንያ እጅ ገብታ የጋሽቶልድ ቤተሰብ ርስት ሆነች፤ በ1569 ደግሞ ከመላው ፖድላሴ ጋር ወደ ፖላንድ ዘውድ ተዛወረች።

የጋሽቶልድ ዘር ሲቋረጥ ከተማዋ የንጉሥ ዚግሙንት አውግስጦስ ሆነች። ንጉሡ በወንዙ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ጠንካራ ግንብ አሠርቶ የጦር መሣሪያ ማከማቻውንና በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ያሉበትን ቤተ መጻሕፍቱን እዚያ አስቀመጠ። የመጻሕፍቱ ጠባቂና የከተማዋ ሹም የነበረው ውካሽ ጉርኒትስኪ፣ የፖላንድ የህዳሴ ዘመን ታላቅ የስድ ንባብ ጸሐፊ ነው። ንጉሡ በ1572 በአቅራቢያው ባለችው ክኒሺን ወራሽ ሳይተካ ሲሞት፣ አስከሬኑ በክራኮቭ እስኪቀበር ድረስ በዚሁ ግንብ ቆየ። መኳንንቱ ቀጣዩን ንጉሥ እንዴት እንደሚመርጡ ሲከራከሩ የያጌሎን ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ያረፈው በቲኮቺን ነበር። ይህች ዳር ላይ ያለች የምትመስል ከተማ በዚያ ዘመን መሀል ነበረች።

ከንጉሣዊው ታሪክ ይልቅ ክብደት ያለው ግን የአይሁዱ ማኅበረሰብ ታሪክ ይመስለኛል። ኦልብራኽት ጋሽቶልድ በ1522 ጥቂት አይሁድ ቤተሰቦችን ከግሮድኖ ጠርቶ በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል፣ ካቾሮቮ በሚባለው ሰፈር አሰፈራቸው። መቶ ዓመት ሳይሞላ ማኅበረሰቡ በይዲሽ ቲክቲን በሚባለው ስሟ በመላው አገሪቱ ታወቀ። አካባቢውን ሁሉ የሚያስተዳድረው ቃሃል፣ ማለትም የአይሁድ የራስ አስተዳደር ጉባኤ፣ እዚሁ ነበር የሚቀመጠው፤ ያኔ ትንሽ የነበረችው የቢያሊስቶክ ማኅበረሰብ እንኳ ለቲኮቺን ታዛዥ ነበረች።

በ1642 የተሠራው ምኩራብ የዚህ አቅም ማስረጃ ነው። ከውጭ ሲያዩት ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ አራት ማዕዘን፣ ምሽግ የሚመስል ሕንፃ ነው። ውስጡ ሲገቡ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መሀል ላይ ጣሪያውን በተሸከሙት አራት ግዙፍ ምሰሶዎች ነው። ቢማ የሚባለው፣ ኦሪት የሚነበብበት ከፍታ፣ በነሱ መካከል ተቀምጧል፤ አንባቢው ከሰዉ ሁሉ እኩል ርቀት ላይ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ግድግዳው ላይ በሰፋፊ ሰሌዳ መልክ ጸሎቶች በዕብራይስጥና በአራማይክ ተጽፈዋል። መጽሐፍ መግዛት ያልቻለ ሰው ቀና ብሎ ከግድግዳው ያነብ ነበር።

በስዊድን ወረራ ግንቡ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ የፖላንድ ምክር ቤት ቲኮቺንን ለጦር አዛዡ ለስቴፋን ቻርኒየትስኪ በሽልማት ሰጠ፤ በጋብቻም ወደ ብራኒትስኪ ቤት አለፈች። ዛሬ የምናያትን ከተማ ቅርጽ ያስያዛት ያን ክሌመንስ ብራኒትስኪ ነው። ከ1742 ጀምሮ የቅድስት ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ሁለቱ ማማዎች በቅስት መተላለፊያዎች ከዋናው ሕንፃ ጋር ተያይዘው አደባባዩን እንደ ክንፍ ያቅፉታል። አደባባዩ መሀል ላይ የቅድመ አያቱን የቻርኒየትስኪን ሐውልት በ1763 በፈረንሳዊው ቀራፂ ፒየር ኩድሬ እጅ አሠርቶ አቆመ። በፖላንድ ካሉት ሃይማኖታዊ ያልሆኑ ጥንታዊ ሐውልቶች አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ በስፋት የሚነገረውን የ«ተቻችሎ መኖር» ትረካ ልሞግት። ቤተ ክርስቲያኑና ምኩራቡ በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ መቆማቸው የመቻቻል ምልክት ተደርጎ ይነገራል። ፕላኑን ላስተዋለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካቾሮቮ በአንዲት ጅረት ከክርስቲያኑ ሰፈር የተለየ ነበር፤ አይሁዶች የኖሩት የከተማዋ ባለርስት ጌታ በሰጣቸው መብት ሲሆን መብቱ የተሰጠውም ንግዳቸው ለጌታው ገቢ ስለሚያስገኝ ነው። ይህን ስል ኑሮው ጠብ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ገበያ ያገናኛቸዋል፤ ብድርና ዱቤ፣ ስፌትና ጫማ፣ እህልና ከብት ያገናኛቸዋል። ለሁለቱም የሚያስፈልግ፣ በሕግ የተለካ ጉርብትና ነበር። እንዲያ ብሎ መግለጽ ለታሪኩም ለሰዎቹም ክብር ነው።

ውድቀቷን ያመጣው ሠሪዋ ወንዝ ነው። ብራኒትስኪ ራሱ መኖሪያው አድርጎ ያስዋበው ቢያሊስቶክን ነበር፤ ወሳኙ ምት ግን የመጣው ፖላንድ ከተከፋፈለች በኋላ ነው። በ1807 በቲልሲት ስምምነት ቢያሊስቶክና ዙሪያዋ ለሩሲያ ሲሰጡ፣ ቲኮቺን በዋርሶ መስፍናዊ ግዛት፣ ቀጥሎም በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረው የፖላንድ መንግሥት ውስጥ ቀረች። ናሬቭ ድንበር ሆነ። ፖላንዳውያን በሩሲያ ላይ ካነሡት ከኅዳሩ አመፅ በኋላ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ ሩሲያ ከፖላንድ መንግሥት በሚመጣ ጨርቅ ላይ ከባድ ቀረጥ ስትጥል የሽመና ባለሀብቶች ቀረጡን ለማምለጥ ድንበሩን ተሻግረው በቢያሊስቶክና በአካባቢዋ ፋብሪካ ተከሉ። ቲኮቺን ከድንበሩ በወዲህኛው ወገን ስለነበረች አንዱም አልደረሳት። በ1862 የተከፈተው ከዋርሶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሚሄደው የባቡር መሥመር ደግሞ በዋፒ አድርጎ ወደ ቢያሊስቶክ አለፈ። ፋብሪካ የለ፣ ጣቢያ የለ፤ አሮጌውን ቤት አፍርሶ ፎቅ የሚሠራ ገንዘብም አልመጣም። የከተማዋ ፕላን ሳይነካ የቀረው ለዚህ ነው። ሰዉም ወደ ቢያሊስቶክ ጎረፈ። በ1837 ቲኮቺን የተወለደው ማሬክ ዛመንሆፍ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልጁ ሉድቪክ፣ የኤስፔራንቶ ቋንቋ ፈጣሪ፣ በ1859 የተወለደው ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት በዚያችው የፋብሪካ ከተማ ነበር።

ነሐሴ 1941 ላይ ታሪኩ ሌላ ይሆናል። ከሁለት ዓመት ገደማ የሶቪየት ይዞታ በኋላ ጀርመኖች ገብተው ነበር። ነሐሴ 25 ቀን አይሁዶች በገበያው አደባባይ፣ በቻርኒየትስኪ ሐውልት ዙሪያ፣ እንዲሰበሰቡ ታዘዙ። በዚያ ቀንና በማግስቱ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው የወፑሆቮ ጫካ ተወስደው አስቀድሞ በተቆፈሩ ጉድጓዶች አፋፍ ላይ ተረሸኑ። ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ማኅበረሰብ፣ በሁለት ቀን አለቀ። ቤቶቹ ሌላ ሰው ገባባቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ቲኮቺን በ1950 የከተማነት መብቷን አጥታ መንደር ተባለች፤ መብቷ የተመለሰላት በ1993 ነው። ምኩራቡ መጋዘን ሆኖ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ1977 ሙዚየም ሆነ። እድሳቱ በጥሩ እጅ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ጽሑፎች ዛሬም ይነበባሉ። ሆኖም ጎብኚ የሚመራበት መሥመር ብዙ ጊዜ ከአደባባዩ ተነሥቶ ምኩራቡ ላይ ያበቃል፤ ወፑሆቮ ለብቻው፣ ለሐዘንተኛ ብቻ የተተወ ቦታ ይመስላል። ሁለቱን መለየት ስሕተት ነው እላለሁ፤ የከተማዋ ካርታ ጫካውን ካልጨመረ ጎዶሎ ነው።

የቲኮቺንን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከሕንፃዎቹ እኩል የሚያስፈልገው የቃሃሉ መዝገብ ነው። ከ1621 እስከ 1806 ድረስ የጉባኤውን ውሳኔዎችና ደንቦች የያዘው ዋናው ጥራዝ በእልቂቱ ጊዜ ጠፍቷል። ዛሬ ልናነበው የቻልነው ታሪክ ተመራማሪው እስራኤል ሃልፐርን አስቀድሞ ገልብጦት ስለነበረ ነው፤ መርዶክዮስ ናዳቭ አሰናድቶት በ1990ዎቹ በኢየሩሳሌም ታተመ። እስካሁን የቲኮቺን ታሪክ በብዛት የተነገረው ከገዢዎቿ፣ ከጋሽቶልድ፣ ከንጉሡና ከብራኒትስኪ በኩል ነው። ካቾሮቮ ስለ ራሱ የጻፈውን የያዘው መዝገብ ግን ታትሞ በእጃችን አለ፤ የሚቀጥለው ጥናት መነሣት ያለበት ከዚያ ነው።